ቴማ ላይ ነዳጅ መሙላት፦ በቦቴ ወይስ በባርጅ?

በጋናው ቴማ ወደብ ለቆመ የጭነት መርከብ በቦቴና በባርጅ (ነዳጅ በሚያመላልስ ጀልባ) መካከል ያለውን ምርጫ የሚወስነው የነዳጁ መጠን ነው። ለጄኔሬተር 60 ቶን ናፍጣ ብቻ ከተፈለገ ሁለት ሦስት ቦቴ ይበቃል። ቱቦው ቀጭን ስለሆነ ሥራው ይዘገያል፤ በየመኪናው ቱቦ ሲፈታና ሲታሰር ስለሚንጠባጠብ ከመገጣጠሚያው ሥር ትሪ ይቀመጥ።

500 ቶን ከባድ ነዳጅ ከሆነ ግን ያለ ባርጅ አይታሰብም። በሰዓት በመቶዎች የሚቆጠር ቶን ይገፋል፤ መልሕቅ ጥሎ ለሚጠብቅ መርከብም ይደርሳል፣ የጊኒ ባሕረ ሰላጤ ሞገድ ሁለቱን ካላላተማቸው።

የባርጅ ትልቁ ጣጣ ልኬቱ ነው። ነዳጁ ሞቆ ስለሚመጣ ይሰፋል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ አንሶ ከተመዘገበ ከ500 ቶን ላይ 3 ቶን ተኩል ያህል ሳይደርስ ይከፈልበታል። አየር ተነፍቶበት ከሆነም አረፋው ታንኩን የሞላ ያስመስለዋል። የመለኪያው ሜትር ላይ አረፋ ከታየ ረጋ እስኪል ጠብቆ እንደገና መለካት ነው፤ ከዚያ በፊት ደረሰኝ አይፈረም!

ናሙናው በሁለቱም መንገድ ከመርከቡ መቀበያ አፍ ላይ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጠብታ ይወሰዳል። ታሽጎም ነዳጁ እስኪያልቅ፣ ከ12 ወር ላላነሰ ጊዜ ይቀመጣል። ለቦቴ ሲሆን ብዙዎች ይህን ይዘሉታል፤ ሞተር ሲጎዳ ግን ዋናው ማስረጃ እሱ ነው።