ለሽቦ ፍልሚያ የትኛው አሮጌ ሞተር ይሻላል? ኦሊቨር፣ ፓው ወይስ ፎክስ

በሽቦ ተይዘው የሚበሩ፣ አንዱ የሌላውን የጭራ ጥብጣብ ለመቁረጥ የሚፋለሙባቸው የሞዴል አውሮፕላኖች ላይ አሮጌ ሞተር መግጠም ለሚፈልግ ሰው ሦስት ስሞች ቶሎ ይመጣሉ። የእንግሊዞቹ ኦሊቨር ታይገርና ፓው 2.49፣ የአሜሪካው ፎክስ 36። ሁለቱ የእንግሊዝ ሞተሮች 2.5 ሲሲ ገደማ ናቸው፣ ዲዝል ናቸው፣ ካንዴላ የላቸውም። ፎክሱ ወደ 5.9 ሲሲ ይጠጋል፣ በሚግል ካንዴላ ነው የሚሠራው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትወዳደሩበትን ክፍል ደንብ እዩ። ገደቡ 2.5 ሲሲ ከሆነ ፎክስን እርሱት።

ኦሊቨር ታይገር ማርክ 3 የ1950ዎቹ ሥራ ነው። ኮሎው (ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ) በሁለት ኩሽኔታ ላይ ነው የሚዞረው፣ የፒስተኑና የሲሊንደሩ ልክ ደግሞ ድንቅ ነው። ሰብሳቢዎች ስለሚፈልጉት ግን ውድ ነው፣ እኔም በሞረድ ለመንካት እጄ አይታዘዝልኝም። ማሻሻል የምትፈልጉ ከሆነ ፓውን ውሰዱ። ለአሥርት ዓመታት ስለተሠራ ያገለገለ በቀላሉ ይገኛል፣ መሬት ቢመታም ይችላል። ኩሽኔታ ያለውም የሌለውም ስላለ ስትገዙ ጠይቁ፣ ለፍልሚያ ኩሽኔታ ያለው ይሻላል።

ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ከአየር ማስገቢያው ነው። ቀዳዳውን ስታሰፉት ሞተሩ ብዙ አየር ያገኛል፣ ነገር ግን ነዳጅ የመሳብ አቅሙ ይዳከማል፤ አውሮፕላኑ የባላጋራውን ጥብጣብ ሊቆርጥ በኃይል ሲታጠፍ ደግሞ ተራ ታንክ ውስጥ ያለው ነዳጅ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ሞተሩ ይንተፋተፋል። መፍትሔው የላስቲክ ከረጢት ነው። ከረጢቱ ራሱ ነዳጁን ስለሚገፋ የፈለጋችሁትን ያህል ብትገለብጡት አይቋረጥም። ከረጢት ሳታዘጋጁ ግን ቀዳዳ አታስፉ፣ የተቆረጠ ብረት አይመለስም።

ዲዝሎቹ ኤተር፣ ላምባና የጉሎ ዘይት በግምት እኩል እኩል፣ በዛ ላይ ጥቂት የማቀጣጠያ ማሻሻያ ይፈልጋሉ። ኤተር ቶሎ ይነዳል፣ እሳት አጠገብ አትክፈቱት። ስታስነሱ ነዳጅ በዝቶ ሲሊንደሩ ውስጥ ከሞላ ፕሮፔለሩን በግድ አታዙሩ፣ ቢየላው (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ዘንግ) ይጣመማል። ከሲሊንደሩ አናት ላይ ያለውን የመጭመቂያ ብሎን ላላ አድርጉና ትርፉ ይውጣ።

ለፍልሚያ የተሠራው ፎክስ 36፣ ኮምባት ስፔሻል የሚባለው፣ ሜታኖል ነው የሚጠጣው፣ ከጉሎ ዘይት ጋር። ጉልበቱ ደስ ይላል፣ የሚጠይቀው ሽቦም ክንፍም ግን ሌላ ነው። ሜታኖል እርጥበት ስለሚስብ ከበረራ በኋላ ሞተሩ የቀረውን ነዳጅ ሠርቶ እንዲጨርስ አድርጋችሁ ውስጡ ዘይት ጨምሩበት፣ አለበለዚያ ኩሽኔታው ይዝጋል።

የትኛውንም ስትገዙ ፒስተኑን ጫፍ ላይ አድርሳችሁ ፕሮፔለሩን ወዲያ ወዲህ አንቀሳቅሱ። ልቅ የሆነ ነገር ከተሰማችሁ ቢየላው አልቋል። ኮሎው ሲዞር መወላወሉን፣ የሞተሩ መያዣ ጆሮዎች መሰንጠቃቸውንም እዩ። ፍልሚያ ላይ የነበረ ሞተር መሬት መምታቱ አይቀርም፣ ያ ጉዳት ደግሞ በፎቶ አይታይም። በእጅ ሳትይዙት አትክፈሉ።