ሳምባ፦ ዊንዶውስ፣ ማክና ሊኑክስ ለተቀላቀሉበት ቢሮ ምን ያህል ይሠራል?

ጸሐፊዋ በዊንዶውስ፣ ዲዛይነሩ በማክ በሚሠሩበት ማተሚያ ቤት ወይም የማስታወቂያ ድርጅት «ፋይሉ አልከፈት አለኝ» የሚለው ቅሬታ የዕለት ተዕለት ነው። እንዲህ ላለው ቢሮ ሳምባ የተባለውን የፋይል ማጋሪያ ሶፍትዌር በሙሉ ልብ እንመክራለን። ነገር ግን ተጭኖ እንዳለ ከተተወ ግማሽ ሥራውን ብቻ ነው የሚሠራው። ይዞት የሚመጣው ሴቲንግ ለተቀላቀለ ቢሮ የታሰበ አይደለም፤ የሚቀረውን ማስተካከል ያለበት የጫነው ሰው ነው።

ሳምባ አንድሩ ትሪጅል እ.ኤ.አ. በ1992 አውስትራሊያ ውስጥ የጀመረው ነጻ ሶፍትዌር ነው። የሊኑክስ ማሽን ላይ ተቀምጦ ኤስኤምቢን፣ ማለትም ዊንዶውስ ፋይል ሼር የሚያደርግበትን ፕሮቶኮል ይናገራል። ማክም ከ2013ቱ ማቨሪክስ ወዲህ ቅድሚያ የሚሰጠው ለኤስኤምቢ ስለሆነ ሁሉም በአንድ በር፣ በፖርት 445 ይገባሉ። የፈቃድ ክፍያ የለውም። ለአሥር ሰው ቢሮ 4 ጊጋባይት ራም ያለው የቆየ ዴስክቶፕ፣ አስተማማኝ ሃርድ ዲስክና ዩፒኤስ ይበቃል። ገንዘብ ካጠረ ከፕሮሰሰሩ ቀንሱ እንጂ ከዩፒኤሱ አትቀንሱ።

ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚለየው ሰርቨሩ (ሳምባ የተጫነበት ማሽን) አልታይ ብሎ ነው፣ አላስገባ ብሎ ነው ወይስ ፋይሉ ራሱ ነው የሚለው ነው። ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን ተጭናችሁ \\192.168.1.10 ብላችሁ የሰርቨራችሁን አድራሻ ጻፉ። ማክ ላይ በፋይንደር ኮማንድና ኬ ተጭናችሁ በዚያው አድራሻ ሞክሩ። በአድራሻው ከተከፈተ ሰርቨሩ ደህና ነው፤ የጠፋው ስሙ ብቻ ነው። በድሮው ኤስኤምቢ 1 ጊዜ ኮምፒውተሮች ኔትወርክ ውስጥ በራሳቸው ይዘረዘሩ ነበር። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ በ2017 የተዛመተው በዚያ ፕሮቶኮል ቀዳዳ ነው፤ ዊንዶውስ 10 ከዚያው ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ኤስኤምቢ 1ን በነባሪ መተው ጀምሯል፤ ሳምባም ከ2019ኙ ቁጥር 4.11 ወዲህ ዘግቶታል። መልሶ መክፈት መፍትሔ አይደለም። ሰርቨሩ ለዊንዶውስ እንዲታይ ደብሊውኤስዲዲ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም፣ ለማክ ደግሞ አቫሂን ጫኑ። ከዚህም የሚቀለው ራውተሩ ላይ ለሰርቨሩ ቋሚ አይፒ ሰጥቶ በየዊንዶውሱ እንደ አንድ ድራይቭ ማሰር ነው። በስምም በአድራሻም እምቢ ካለና ዊንዶውስ በ80070035 የሚያልቅ የስህተት ቁጥር ካሳየ ግን ኬብሉን፣ ስዊቹንና የሊኑክሱን ፋየርዎል እዩ፤ ፖርት 445 ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

አላስገባ ሲል ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ የሳምባ የሴቲንግ ፋይል «ማፕ ቱ ጌስት» የሚል መስመር «ባድ ዩዘር» ከሚል ዋጋ ጋር ይዞ ይመጣል። ትርጉሙ ሰርቨሩ የማያውቀው ስም ይዞ የመጣን ሰው ከመመለስ ይልቅ እንግዳ አድርጎ ያስገባዋል ማለት ነው። አዳዲስ ዊንዶውሶች ደግሞ ፓስወርድ በሌለው እንግዳ መግባትን አይቀበሉም፤ በተለይ በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 24ኤች2 ፕሮ። ስለዚህ ተጠቃሚው «የድርጅታችሁ የደኅንነት ፖሊሲ ይከለክላል» የሚል መልእክት ያያል፤ የሌለ ፖሊሲ ሲፈለግ ይዋላል። ጥፋቱ የዩዘር ስሙ ነው። መስመሩን አጥፉት፣ ለእያንዳንዱ ሰራተኛ ሊኑክሱ ላይ ዩዘር ፍጠሩ፣ ከዚያ ያንኑ ስም በሳምባ የፓስወርድ ትዕዛዝ ለብቻው መዝግቡ። የሊኑክሱ ፓስወርድና የሳምባው ፓስወርድ ሁለት የተለያዩ መዝገቦች ናቸው፤ አንዱን መቀየር ሌላውን አይቀይርም። ላፕቶፑን በፒን የሚከፍት ሰራተኛም ፒኑን እዚህ ማስገባት አይችልም። ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ ዊንዶውስ 1219 የሚል ቁጥር ከሰጠ ያው ኮምፒውተር ቀድሞ በሌላ ስም ወደ ሰርቨሩ ገብቷል ማለት ነው። ክሬደንሻል ማናጀር ውስጥ የተቀመጠውን የቆየ ስም ሰርዛችሁ ማሽኑን ሪስታርት አድርጉ።

ከሁሉም የበዛው ቅሬታ ግን «ይከፈታል፣ ሴቭ አያደርግም» የሚለው ነው። ሳምባ ዝም ካሉት አዲስ ፋይልን በ0744፣ አዲስ ፎልደርን በ0755 ፐርሚሽን ይፈጥራል። የፈጠረው ሰው ይጽፍበታል፣ የቀረው ያነባል። ስለዚህ ጸሐፊዋ የሠራችውን ደብዳቤ ሥራ አስኪያጁ ሲከፍተው ሪድ ኦንሊ ይሆንበታል። የጋራ ፎልደሩ ክፍል ውስጥ «ክሪኤት ማስክ» 0660፣ «ዳይሬክቶሪ ማስክ» 2770፣ «ፎርስ ግሩፕ» ደግሞ የቢሮው ግሩፕ ይሁን። ይህ ከዚያ ወዲያ ለሚፈጠሩት ብቻ ነው የሚሠራው፤ የቆዩትን ፋይሎች ባለቤትነትና ፐርሚሽን አንድ ጊዜ በእጅ ማስተካከል የግድ ነው። 0777 ሰጥቶ፣ ማለትም ሁሉም እንዲያነብና እንዲጽፍ ከፍቶ መገላገል በየቦታው ይታያል፤ እባካችሁ ይቅር፣ የደመወዝ ዝርዝር ያለበት ሰርቨር ነው።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ ፋይሉ «ሌላ ሰው ከፍቶታል» ይላል፤ ያ ሌላ ሰው ከመብራቱ ጋር የጠፋ ዴስክቶፕ ነው። ሰርቨሩ ላይ ኤስኤምቢስታተስ የተባለውን ትዕዛዝ ብትሰጡ የትኛው ፋይል በየትኛው ማሽን እንደተያዘ ከፕሮሰስ ቁጥሩ ጋር ይዘረዝራል። ማሽኑ በእርግጥ አለመኖሩን አረጋግጡና ያንን ፕሮሰስ ብቻ ግደሉ። ቀጥሎ ፎልደሩ ውስጥ በ~$ የሚጀምረውን የወርድ ድብቅ ፋይል አጥፉ።

ማክ ላይ ሳምባ ብዙ ይቀረዋል፤ ፍሩት የሚባለው ተጨማሪ ሞጁል ሲበራ ግን ፍጹም ሌላ ነው። ሳይበራ ሲቀር ማክ ለእያንዳንዱ ፋይል በነጥብና በታች ሰረዝ (._) የሚጀምር ትንሽ አጃቢ ፋይል ይተዋል። ዊንዶውስ ላይ ያለ ሰው ያንን ሲከፍት ወርድ «ተበላሽቷል» ይለዋል፤ ዋናው ፋይል ግን እዚያው አጠገቡ ደህና ተቀምጧል። ካቲያ፣ ፍሩት፣ ስትሪምስ ኤክስአትር የሚባሉትን ሦስት ሞጁሎች በዚሁ ቅደም ተከተል ጻፏቸው፣ የፍሩት «ሜታዴታ» ደግሞ «ስትሪም» ይሁን። ማተሚያ ቤቶች አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የቆዩ የማክ ፎንቶች ይዘታቸው በሙሉ በዚያ አጃቢ ውስጥ ሊሆን ስለሚችል፣ ባክአፕ ሳትይዙ አጃቢዎቹን በጅምላ አትሰርዙ። ካቲያ ያስፈለገው ለስሞች ነው። ማክ ላይ «ሪፖርት 5/7» ብሎ መሰየም ይቻላል፤ ዊንዶውስ ግን በፋይል ስም ውስጥ \ / : * ? " < > | አይቀበልም። ሞጁሉ ከሌለ የፋይሉ ስም ተዛብቶ ሊታይ ይችላል።

የአማርኛ ስሞች የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ዊንዶውስ ለአንድ የፋይል ስም 255 ፊደል ይፈቅዳል። ኤክስት4 የተባለው የሊኑክስ የዲስክ ፎርማት የሚፈቅደው 255 ባይት ነው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ ጣሪያው 85 ፊደል ነው፣ ዶክኤክስ የሚለው ቅጥያ ሲቀነስ 83። የደብዳቤውን ጉዳይ ሙሉውን ስም የሚያደርግ ቢሮ በቀላሉ ያልፈዋል፣ ኮፒውም ይከሽፋል። ላይብረኦፊስ የመቆለፊያ ፋይሉን ሲፈጥር በስሙ ላይ 8 ምልክት ይጨምራል፤ ጣሪያው ጫፍ ላይ ያለ ስም ይህን መቆለፊያ ማስቀመጥ ያቅተዋል። ከ60 ፊደል በታች መያዝ በቂ ነው።

ፋይሉ ተከፍቶ ጽሑፉ ካልተነበበ ሳምባን አትውቀሱ። ባዶ ሳጥኖች ከታዩ ፎንት ጎድሏል፤ ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ወይም ኤብሪማ፣ ማክ ላይ ከፋ፣ ሊኑክስ ላይ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ያስፈልጋል። ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ከታዩ ሰነዱ ከዩኒኮድ (ለሁሉም ቋንቋ ፊደላት የጋራ ከሆነው የቁጥር ሥርዓት) በፊት በነበረ ፎንት፣ ለምሳሌ በቪዥዋል ግዕዝ፣ የተጻፈ ነው። ኒያላን መምረጥ አይፈታውም፤ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ብቻ ነው።

የምንነቅፍበት ነገር፣ ሳምባ አፕዴት ሲደረግ ነባሪ ሴቲንጉ ሊለወጥ መቻሉ ነው። በ4.11 ኤስኤምቢ 1 ሲዘጋ ስካን አድርገው ወደ ፎልደር የሚልኩ የቆዩ ፎቶ ኮፒ ማሽኖች ከሰርቨሩ ጋር መነጋገር አይችሉም። ለእነሱ ሲባል ሰርቨሩን ወደ ኋላ አትመልሱት። ማሽኑ ኤፍቲፒ በተባለው የቆየ የፋይል መላኪያ መንገድ መላክ ከቻለ ለስካን ብቻ የሚሆን ፎልደር በኤፍቲፒ ክፈቱለት፣ ካልቻለ በፍላሽ ይሁን።