ሮም፦ ቶታል ዋር ሪማስተርድ ከወራት በኋላ፦ የኬልቶቹ ጥሩር የት ሄደ?

ሮም፦ ቶታል ዋር ሪማስተርድ የጥንት ጦር የሚመራበት የኮምፒውተር ጌም ነው፤ ለወራት ተጫውቼዋለሁ። ዘመቻውን መጀመሪያ በሮማውያን፣ ቀጥሎ የኬልት ሕዝብ በሆኑት በጋሎች ሞከርኩት። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ይህ እትም ምስሉ ከ2004ቱ የመጀመሪያ እትም በጣም የጠራ ነው። እኔ ደግሞ ካሜራውን አስጠግቼ የወታደሮቹን መሣሪያ ማየት እወዳለሁ።

የሮማውያኑ ብዙው ደህና ነው። ከፊት የሚሰለፉት ሃስታቲዎች ፒሉም የሚባለውን የሚወረወር ጦራቸውን ወርውረው ሰይፍ ይመዛሉ፤ የኋላ መስመር ነባር ወታደሮች የሆኑት ትሪያሪዎች ረጅም ጦር ይዘው ይሰለፋሉ። የጎደለው የፒሉም ዋናው ሥራ ነው። ቄሳር በ58 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሄልቬቲ ከሚባለው የኬልት ነገድ ጋር ሲዋጋ የሆነውን ጽፎታል። አንድ ፒሉም የተደራረቡ ጋሻዎችን በስቶ ያጣብቃቸዋል። ብረቱ ይጎብጣል፣ ቢጎትቱት አይነቀልም። ሄልቬቲዎቹ ሲታክታቸው ጋሻቸውን ጥለው ገላቸውን ሳይከልሉ ይዋጋሉ። ጌሙ ላይ ግን ፒሉም ወይ ይገድላል ወይ ይስታል፣ አለቀ።

ዘመኑም ይዛባል። ዘመቻው የሚጀምረው በ270 ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። ጣሊያን ውስጥ ትልቁን ቤተ መንግሥት ቶሎ ከገነባችሁ በሮማዊው የጦር አዛዥ በማሪየስ ስም የተጠራው የሠራዊት ለውጥ ይመጣል፤ በአውግስጦስ ዘመን የታየው ባለ ብረት ዝርግ ጥሩር ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ ሜዳ ላይ ይወጣል።

ከሁሉም የሚከነክነኝ ግን የኬልቶቹ ነገር ነው። አብዛኛው የጋል እግረኛ ደረቱን ገልጦ ነው የሚዋጋው። ራቁታቸውን የሚገቡም አሉ። እነዚህስ መሠረት አላቸው፤ የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢየስ በ225 ከክርስቶስ ልደት በፊት ጣሊያን ውስጥ በተደረገው የቴላሞን ጦርነት ራቁታቸውን የተሰለፉ ጋይሳታ የሚባሉ የኬልት ተዋጊዎችን ጠቅሷል። ግን ከብረት ቀለበቶች የተሰካካውን የቀለበት ጥሩር ሮማውያን ያገኙት ከጋሎች ነው፤ ይህን ያለው ራሱ ሮማዊው ሊቅ ቫሮ ነው። ሩማኒያ ውስጥ ቹሜሽቲ በሚባል ቦታ ከአንድ የኬልት ተዋጊ መቃብር የቀለበት ጥሩር ወጥቷል፤ አብሮት አናቱ ላይ የነሐስ አሞራ የቆመበት የራስ ቁር ነበር። የአሞራው ክንፎች በማጠፊያ የተያያዙ ናቸው፤ ሰውየው ሲጋልብ ይርገበገቡ ነበር ይባላል። ይህን የሠራ ቀጥቃጭ ያለውን ሕዝብ እርቃኑን ማሰለፍ ግፍ ነው።

ጌሙን ግዙት፣ ጦርነቱ አሁንም ይጥማል። ጥሩር የለበሰ የጋል እግረኛ ማየት የሚፈልግ ግን የ2004ቱ ጌም ላይ የሚጫነውን ዩሮፓ ባርባሮረም የተባለ ሞድ (ተጫዋቾች የሠሩት የጌም ማሻሻያ) ይሞክር፤ በነፃ ነው።