ስዊች ዩዘር ወይስ ሳይን አውት?
ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባሉ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱን ኮምፒውተር ሁለት ሦስት ሰው ይጋራዋል። አካውንት ሲቀየር ታዲያ ስክሪኑ ጠቁሮ ይቆያል፤ ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል።

ዊንዶውስ ላይ «ስዊች ዩዘር» (ሳይወጡ ተጠቃሚ መቀየር) ስንል የመጀመሪያው ሰው ወርድና ክሮም አይዘጉም፤ እንደተከፈቱ ራም (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ይይዛሉ። 4 ጊጋባይት ራም ቶሎ ይሞላል። ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ሃርድ ዲስክ ያወርዳል፤ መንቀርፈፉ ከዚያ ይመጣል። ታስክ ማናጀር (የተከፈቱ ፕሮግራሞችን የሚያሳየው የዊንዶውስ መስኮት) ውስጥ «ዩዘርስ» የሚለውን ብትከፍቱ ማን ስንት እንደያዘ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መብራት ድንገት ከሄደ ደግሞ ሴቭ ያልተደረገው የሁለቱም ሥራ አለቀለት!

«ሳይን አውት» ሁሉንም ዘግቶ ራሙን ይለቃል። ተመልሶ መግባቱ ግን ይቆያል፣ በተለይ አብሮ የሚነሳው ፕሮግራም ከበዛ።

ለባለ 4 ጊጋው እኔ ሳይን አውትን እመርጣለሁ። 16 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) ካላችሁ ስዊች ዩዘር ይመቻል።