ከቴኳንዶ ምት በፊት፦ እግር ማወዛወዝ ወይስ ይዞ መሳብ?

በደብረ ማርቆስ የጠዋት ብርድ ሰውነት ሳይሞቅ እግርን በግድ መሳብ የጭን ኋላ ጡንቻን ለጉዳት ያጋልጣል። ከምት በፊት ማወዛወዝ ይሻላል፦ 5 ደቂቃ ሶምሶማ፣ ከዚያ ግድግዳ ተደግፎ እግርን ወደ ፊትና ወደ ጎን 10 10 ጊዜ፣ ከጉልበት ከፍታ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ላይ። ጀርባ ከጎበጠ እግሩ የተነሳው በወገብ እንጂ በዳሌ አይደለም፤ ዝቅ ያድርጉት።

ይዞ መሳብ፣ ማለትም ጡንቻን ለጥጦ ሳያንቀሳቅሱ መቆየት፣ ቦታው ከልምምድ በኋላ ነው፦ 30 ሰከንድ፣ 2 ወይም 3 ዙር። እየነጠሩ መግፋት ግን ጡንቻው ራሱን ለመከላከል እንዲኮማተር ያደርገዋል። ከምት በፊት ከ60 ሰከንድ በላይ ከያዙት ደግሞ እግሩ በቅጽበት የሚያወጣው ኃይል ለጊዜው ይቀንሳል።

በነገራችን ላይ፣ በእስክስታ ትከሻው የላላ ጎጃሜ ዳሌው ግትር ሊሆን ይችላል፤ መተጣጠፍ በየመገጣጠሚያው ይለያያል።