ለአዋላጇ ሲስተር ምስጋና፣ ለነፍሰ ጡሮች ጥቆማ

ትናንት ልጃችን በ80 ቀኗ ክርስትና ተነሳች። ቤቱ በሰው ሞልቶ እኔ በር በሩን ሳይ ዋልኩ። የጤና ጣቢያችን አዋላጅ ተረኛ ስለነበረች አልመጣችም። ስለዚህ ምስጋናዬን እዚህ ልጻፍ።

ከ4 ዓመት በፊት የእንቅርት ቀዶ ጥገና አድርጌ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ የታይሮይድ ሆርሞን ኪኒን እወስዳለሁ። ሳረግዝም በዚያው መጠን ቀጠልኩ። መጀመሪያ የታየሁበት ክሊኒክ አልትራሳውንድ አንስቶ «ሁሉም ደህና ነው» ብሎ ሸኘኝ። ስለ ኪኒኑ የጠየቀኝ የለም።

ሲስተር ግን ገና ስገባ አንገቴ ላይ ያለውን ጠባሳ አየች። «እህቴ፣ መድኃኒት ትወስጃለሽ? በስንት ሰዓት? ከምን ጋር?»

ከቁርስ በኋላ፣ ለእርግዝናው ከምወስደው የአይረን (የብረት) ኪኒን ጋር፣ በወተት አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። አይረንና ካልሲየም ሆርሞኑን አንጀት ውስጥ ይይዙታል፤ ወደ ደም በደንብ አይገባም። የታይሮይዱ በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ይዋጣል። አይረኑ ቢያንስ ከ4 ሰዓት በኋላ። ደግሞ እርጉዝ ሴት ከወትሮው የበለጠ ሆርሞን ያስፈልጋታል፤ ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያገኘው ከእናቱ ነውና። ያልታከመ የሆርሞን ማነስ ለፕሪኤክላምፕሲያም፣ ማለትም በእርግዝና ጊዜ ለሚመጣውና ብዙ ጊዜ ሽንት ላይ ፕሮቲን ለሚታይበት አደገኛ የደም ግፊት፣ ያጋልጣል አለችኝ። ያኔውኑ ደም ምርመራ ላከችኝ። ቲኤስኤች የሚባለው፣ የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ የሚጨምረው መለኪያ፣ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ መጠኑን ጨመረልኝ፣ በየ4 ሳምንቱ እየተለካሁ ቆየሁ።

35ኛው ሳምንት ላይ ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር። ቀለበቴ አልወልቅ አለ። ድካም መስሎኝ ነበር። ደውዬ ስነግራት «አሁኑኑ ነይ» አለች። ግፊቴ 150/100፣ ሽንቴ ላይ ፕሮቲን። ሪፈር ጽፋ ብቻ አልለቀቀችኝም፤ አምቡላንሱ ውስጥ አብራኝ ገባች። ሆስፒታል ተኝቼ ክትትል ሲደረግልኝ ከረምኩ። በ37ኛው ሳምንት ምጡ በመድኃኒት ተጀምሮልኝ በሰላም ተገላገልኩ።

ኪኒኑን ከመጀመሪያው በትክክል ብወስድ ኖሮ ግፊቱ ይቀርልኝ ነበር ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ። «እሱን ማንም በእርግጠኝነት አይነግርሽም» አለችኝ። እንደዚህ እውነቱን ስለምትናገር ነው የማምናት።

ስሟን አደባባይ እንዳላወጣው ለምናኛለች። እንቅርት ወይም የታይሮይድ ችግር ያለባችሁ፣ ያረገዛችሁም ለማርገዝ ያሰባችሁም፣ በውስጥ ጻፉልኝና ጤና ጣቢያውን እነግራችኋለሁ። ወረፋው ቶሎ ስለሚሞላ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ድረሱ። የምትውጡትን ኪኒን ሁሉ ከነካርቶኑ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።