«ለጀማሪ የተሟላ» የሚባለው የእስስት ማሳደጊያ ካርቶን፦ ለጎረምሳ እንጂ ለጫጩት አይሆንም

በአሜሪካ የቤት እንስሳት መደብሮች «ለጀማሪ የተሟላ» ተብሎ በአንድ ካርቶን የሚሸጥ የእስስት ማሳደጊያ አለ። አምራቹ ቢለያይም ውስጡ ያለው ይመሳሰላል፦ 41 በ41 በ76 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ዙሪያው ወንፊት የሆነ ሳጥን፣ ሁለት አምፖል የሚይዝ የመብራት ቆብ፣ ባለ 60 ዋት ማሞቂያ አምፖል፣ ጥምዝምዝ የዩቪቢ (ፀሐይ ውስጥ ያለው የማይታይ ጨረር) አምፖል፣ ውሃ ማንጠባጠቢያ ጣሳ፣ የላስቲክ ሐረግና ቅጠል፣ ትንሽ የካልሲየም ዱቄት። ካርቶኑ ላይ ያለው ፎቶ ግን የትልቅ እስስት ነው። ገዢው ይዞ የሚገባው ደግሞ ብዙ ጊዜ ገና የተፈለፈለች ጫጩት ናት።

እዚህ የምንመዝነው ለእሷ ነው፤ ከተፈለፈለችበት ቀን እስከ ሁለት ወር ድረስ በዚህ ዕቃ ትኖራለች ወይ? የምናወራው በገበያው በብዛት ስለምትገኘው፣ አናቷ ላይ ቆብ የመሰለ አጥንት ስላላት የየመን እስስት ነው። እናቲቱ በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 70 እንቁላል ስለምትጥል ጫጩቶቹ በርካሽ ይሸጣሉ። ክብደታቸው ከ1 እስከ 1.5 ግራም፣ ርዝመታቸው ከነጅራታቸው ከ5 እስከ 7.5 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ግራም ሥጋ በደቂቃዎች ይሞቃል፣ በደቂቃዎች ይቀዘቅዛል፣ በግማሽ ቀን ይደርቃል። የካርቶኑ ጉድለት ሁሉ የሚመዘነው በዚህ ነው።

ከሳጥኑ እንጀምር። ወደ 130 ሊትር የሚሆን ባዶ ቦታ ለጫጩት ሜዳ ነው። ምግቧን እያሳደደች አትበላም፤ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ከፊቷ ያለፈውን በምላሷ ትለቅማለች። የፍራፍሬ ዝንብ ደግሞ በሳጥኑ ወንፊት ሾልኮ ወጥ ቤት ይገባል። በክረምት፣ የቤት ማሞቂያ አየሩን ሲያደርቀው፣ ዙሪያው ክፍት የሆነ ሳጥን እርጥበት አይዝም። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከ30 እስከ 40 ሊትር የሚይዝ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ሣጥን ይሻላል። ክዳኑና አንዱ ጎኑ በሰፊው ተቆርጦ ጤፍ ካልሆነ ሌላ እህል የማያሳልፍ የብረት ወንፊት ይለጠፍበታል። ናይለን አይሁን፤ መብራቱ ሥር ይቀልጣል። ጎኑም ሳይከፈት አይቅር፤ አየር ካልተላለፈ በሦስት ቀን ሻጋታ ይይዛል። መሬቱ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂም አፈርም አያስፈልግም፣ በየቀኑ የሚቀየር የወረቀት ፎጣ ይበቃል። የላስቲኩ ሐረግ ለጫጩት እግር በጣም ወፍራም ስለሆነ ከክብሪት እንጨት እስከ እርሳስ ውፍረት ያላቸው እውነተኛ ጭራሮዎች አግድም ይደረደራሉ። ለመደበቂያና ውሃ ለመላስ ሕይወት ያለው ተክል፣ ለምሳሌ ፖቶስ፣ ይጨመራል።

ማሞቂያው 60 ዋት ነው። ለትልቅ እስስት ምንም አይደል፤ ትንሽ ሣጥን ላይ ሲቀመጥ ግን ያጠብሳል። የላይኛው ጭራሮ ከ27 እስከ 29 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ታችኛው ከ22 እስከ 24 እንዲሆን ባለ 25 ወይም ባለ 40 ዋት አምፖል አብዛኛውን ጊዜ በቂ ነው። ልኩ የሚታወቀው ሽቦዋ ጭራሮው ላይ በምትታሰር ዲጂታል ቴርሞሜትር እንጂ ግድግዳ ላይ በሚለጠፈው ባለመርፌ ሰዓት መሰል አይደለም። ሌሊት ሁሉም መብራት ይጠፋል፤ እስከ 18 ዲግሪ ቢወርድ ችግር የለውም። ለማታ ተብሎ ለብቻ የሚሸጠው ቀይ አምፖል የገንዘብ ብክነት ነው፣ እንቅልፏንም ይረብሻል።

የካርቶኑ ትልቁ ድክመት ጥምዝምዙ የዩቪቢ አምፖል ነው። ነገሩ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም፦ ሕፃን ጠዋት ፀሐይ የሚሞቀው ሪኬትስ እንዳይይዘው ነው፤ በመስኮት መስታወት ውስጥ የገባ ፀሐይ እንደማይጠቅምም ይታወቃል። እስስትም ያው ናት፤ ዩቪቢ ካላገኘች ቆዳዋ ቫይታሚን ዲ አይሠራም፣ የበላችው ካልሲየምም አጥንት አይሆንም። ጥምዝምዙ ጨረሩን ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያፈስ ጫጩቷ አንድ ስንዝር ፈቀቅ ስትል ያመልጣታል፤ ወንፊቱም ካለው ላይ ሲሶ ያህል ይቀንሳል። በምትኩ የሣጥኑን ርዝመት የሚሸፍን ቲ5 ኤችኦ የተባለ ቀጭንና ብርቱ የዩቪቢ ቱቦ፣ ማሸጊያው ላይ ባለ 5 ወይም ባለ 6 ፐርሰንት የሚል፣ ከላይኛው ጭራሮ ከ22 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይሰቀላል። ሶላርሜትር 6.5 የተባለችውን የዩቪ ጨረር መጠን መለኪያ መዋስ የቻለ ሰው ጭራሮው ላይ ከ2 እስከ 3 ካነበበ ልክ ነው። ቱቦው ቢበራም ጨረሩ ስለሚደክም በዓመት ይቀየራል። እግር መጉበጥ፣ መንቀጥቀጥ፣ እንደ ጎማ የሚለጠጥ መንጋጋ፣ ተወርውራ በቶሎ የማትመለስ ምላስ፦ እነዚህ ከታዩ መብራቱን መቀየር ብቻውን አያድናትም፣ ወደ እንስሳት ሐኪም ነው።

ውሃ ማንጠባጠቢያው ለወደፊት ጥሩ ዕቃ ነው። ለጫጩት ግን አንዱ ጠብታ እንኳ ትልቅ ነው፤ ሰውነቷ ላይ ከተጣበቀ ሊያሰምጣት፣ በአፍንጫዋ ከገባ ሳንባዋን ሊጎዳ ይችላል። የሚያስፈልጋት ካፊያ ነው። በእጅ ግፊት የምትሞላ፣ ቀጭን ጉም የምትረጭ ጠርሙስ ተይዞ መብራት ከመብራቱ በፊትና ከጠፋ በኋላ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ቅጠሉና ግድግዳው ይረጫል፤ እሷ ላይ በቀጥታ አይደለም። በመካከሉ ሁሉም ነገር መድረቅ አለበት፤ ቀኑን ሙሉ የረጠበ ሣጥን የመተንፈሻ በሽታ ይጠራል። በሳህን የተቀመጠ ውሃ አትጠጣም፣ ልትሰምጥበት ግን ትችላለች። ውሃ መድረሱ የሚታወቀው ከኩሷ ነው፦ አብሮ የሚወጣው ጠንካራ ሽንት ነጭ ከሆነ ደኅና፣ ብርቱካንማ ከሆነ ጠምቷታል። የጎደጎደ ዓይን ካዩ ዘግይተዋል።

ከሁሉ የሚገርመው «የተሟላ» የተባለው ካርቶን ስለ ምግብ ምንም አለማሰቡ ነው። ጫጩቷ በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን በሆዷ የቀረው የእንቁላል አስኳል ስለሚመግባት ላትበላ ትችላለች። ከዚያ በኋላ ግን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ትበላለች። የምትውጠው በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል ካለው ስፋት የማይበልጥ ነው፦ የማይበር የፍራፍሬ ዝንብና ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ክሪኬት (ፌንጣ መሰል ነፍሳት)። ዝንቡ በብልቃጥ ይረባል። ትንሿ ዝርያ፣ ሜላኖጋስተር፣ በሞቀ ክፍል ከ10 እስከ 14 ቀን ትወስዳለች፤ ትልቋ ሃይዳይ ወደ ሦስት ሳምንት። ስለዚህ ብልቃጡ ከጫጩቷ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ቤት ይገባል፣ በየሳምንቱም አዲስ ይጀመራል። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ጫጩቷ ስትራብ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል።

የካልሲየሙን ዱቄት መለያ ያንብቡ። ቫይታሚን ዲ3 የሌለበት በየምግቡ ይነሰነሳል፤ ዲ3 ያለበት ከሌላ ቫይታሚን ጋር በወር ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ሲበዛ ስለሚጎዳ። ዝንቡ ዱቄት ውስጥ የተንከባለለ እስኪመስል መንከር አያስፈልግም፤ እንዲያ የነጣውን ብዙዎቹ አይነኩትም። ክሪኬቱ ራሱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይቀለባል፤ ለዚህ ደግሞ የሐበሻ ማድ ቤት የታደለ ነው፣ ለጎመን ወጥ የሚገዛው ጎመንና ካሮት ተስማሚ ናቸው። ቆስጣና ስፒናች ካልሲየሙን ስለሚይዙት ይቅሩ። ማታ ያልተበላ ክሪኬት ይለቀም፤ ተኝታ እያለች ጣቷንና ጅራቷን ይቀረጥፋል።

በቋንቋችን «እስስት» ማለት እንደ ሁኔታው የሚለዋወጥ ሰው ነው። ለአሳዳጊ ግን ይህ መለዋወጥ ታማኝ ምልክት ነው። ጠቁራ ጎኗን ወደ መብራቱ ያዞረች በርዷታል፤ ነጥታ አፏን የከፈተች ሞቋታል። ቀን ዓይኗን ጨፍና የተቀመጠች ታማለች። ሁለት ሦስት ጫጩት አብሮ የያዘ ሰው በመጠን ይለያያቸው፤ ትልቋ ገና ሳትነካት ትንሿ በፍርሃት ብቻ መብላት ታቆማለች። በሦስት ወራቸው እያንዳንዳቸው ለብቻ መሆን አለባቸው።

ነጥባችን፦ ለጫጩት ከአምስት ሁለት፣ ሦስት ወር ላለፋት 3.5። ሳጥኑ፣ የመብራቱ ቆብና ማንጠባጠቢያው በኋላ ይጠቅማሉ። ጥምዝምዙ አምፖል ግን ለትልቋም በቱቦ መተካት አለበት። የፕላስቲክ ሣጥኑ፣ ቲ5 ቱቦው፣ ቴርሞሜትሩና የዝንብ ብልቃጡ ሲደመሩ ከካርቶኑ ዋጋ ጋር ሊቀራረቡ ይችላሉ፤ ይህን ሒሳብ ሻጩ አይነግርም። ገና ያልገዛ ሰው ጫጩቷን ትቶ በደንብ የምትበላ የሦስት ወር እስስት ከአርቢ ቢወስድ፣ ካርቶኑ ከነጉድለቱ የሚያገለግለው ያኔ ነው። ገዝቶ የጨረሰ ደግሞ ሳጥኑን ሳይገጣጥም ያስቀምጠውና ዛሬውኑ የዝንብ ብልቃጥ ያዝዝ።